ሽቅብ የሌላት ከተማ

ደሴ ውስጥ መንገድ መጠየቅ ቀላል ነው፤ ወይ ሽቅብ ነው፣ ወይ ቁልቁል። እህቴን ዘሃራን ልጠይቅ አሜሪካ፣ ካንሳስ፣ ዊቺታ ሄጄላችሁ፣ መኪና አልፈልግም ብዬ ከጁምዓ ሶላት በእግሬ ስመለስ ጠፋሁ። ከተማዋ እንደተነጠፈ ሰሌን ዝርግ ናት። ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው የለም፤ ነፋሱ ብቻ ሣሩን እያስተኛ ያልፋል። በሕልሜ የምሄድ መሰለኝ። ደወልኩላት።

«እታለም፣ ቤትሽ ወደ ላይ ነው ወደ ታች?»



«ወላሂ፣ እዚህ ከመጣሁ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም» አለች፣ ድምጿ እየተሰበረ። «ባለህበት ቁም። ወደ ላይ ነው።»

ጥቂት ቆይቶ በሩቅ፣ ከጣሪያዎቹ በላይ፣ ነጭ ነጠላ ሲውለበለብ አየሁ። እህቴ ናት፤ ደሴ አጠገብ የኩታበር ሴት ከተራራ ማዶ ያለን ሰው እንደምትጣራ፣ ስሜን እየጠራች ነው። ነጠላውን እያየሁ ሄድኩ።

ስደርስ ቀይ የእሳት አደጋ መኪና ደጇ ላይ ቆሟል፤ ለካ ጎረቤት ደውሎ ኖሯል። ሁለት ግዙፍ ሰዎች መሰላል ዘርግተው ውረጂ እያሉ ይለማመጧታል። እሷ ጣሪያው ላይ ቆማ በአማርኛ ትመልስላቸዋለች፦

«ወንድሜ ሳይገባ አልወርድም!»