ስምንት መደብ

በመስከረም የተነቀለ አረም፣ ሥሩ ጭቃ እንደያዘ ተከምሮ የረፋድ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ግማሹ የእርጥብ አፈር፣ ግማሹ መበስበስ የጀመረ ሣር፣ ጥሩ ነው ለማለትም መጥፎ ነው ለማለትም የሚያስቸግር። ኮምቦልቻ ባለችው ትንሽ ጓሮዬ ክረምቱ ሲወጣ ሥራው ይበዛብኛል፤ ቦይ መጥረግ፣ ጎመን መኮትኮት፣ የተጋደመ አጥር ማቃናት፣ የፓፓያውን የደረቀ ቅጠል መቁረጥ። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ለመጨረስ ሞክሬ አላውቅም፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው የምሠራው። ጎረቤቶቼ የመምህርነት ልማድ ይመስላቸዋል፤ ዕድሜ ልኳን ያስተማረች ሴት በዕቅድ መሥራት ታውቃለች ይላሉ። እኔን ግን ያ ሽታ ሲመጣብኝ የሚታወሰኝ ዕቅድ አይደለም፤ ደሴ ነው፣ እናቴ ናት፣ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ የሠራሁት ሥራም ነው።

ቤታችን ከሰኞ ገበያ ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ላይ ነበር። ጓሮው ተዳፋት ስለሆነ አባቴ ከመሞቱ በፊት ድንጋይ እየካበ ስምንት መደብ አውጥቶለታል። ላይኞቹ ላይ ድንች፣ መሐሉ ላይ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት፣ ታች ከኮክ ዛፉ ሥር ደግሞ እናቴ ከየሰው ቤት እየለመነች ያመጣችው ልዩ ልዩ ነገር ይበቅል ነበር። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉሙ ሁለት ወር ሙሉ ደጃፍ ላይ ተኝቶ ይከርምና አንድ ቀን ጠዋት ሲነሳ አረሙ ከእኔ ቁመት ጋር ተስተካክሎ ይገኛል። ያኔ እናቴ አሱር ሰግዳ፣ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ በመቀነቷ ትሸበሽብና እጀታው ያጠረ መኮትኮቻዋን ይዛ ትወጣለች። እኔ አሮጌ ጆንያ እየጎተትኩ እከተላታለሁ። እሷ ትነቅላለች፣ እኔ እሰበስባለሁ፤ እግረ መንገዴን ቀንድ አውጣዎችን ከጎመኑ ላይ እየለቀምኩ ወደ ጎረቤት እወረውራለሁ። ጎረቤታችን እትዬ አበበችም መልሰው ሲወረውሩ አንድ ቀን በዓይኔ አይቻቸዋለሁ።

በዚያ ዓመት ወንድሜ ሰይድ አልነበረም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ በአሰብ መንገድ በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ይሠራ ነበር። ሐምሌ ላይ ሾፌሩ ብቻውን ተመለሰ። ሰይድ ባሕሩን ተሻግሮ የቅድመ አያታችንን ወገኖች የመን ሄዶ ሊያይ እንደተነሳና «በመስከረም እመጣለሁ በሏት» ማለቱን ተናግሮ፣ የቀረበለትን እንኳ ሳይቀምስ ሄደ። እናቴ በዚያ ቀን አላለቀሰችም። መስከረም ሲጠባ ግን ጓሮውን እንደ ሌላው ጊዜ አልያዘችውም፤ በየቀኑ አንድ መደብ ብቻ፣ ከዚያ አታልፍም።

እትዬ አበበች በየቀኑ በአጥሩ በኩል ብቅ ይሉና ይጠይቃሉ።

«ከድጃ፣ ከልጁ ወሬ አልመጣም?»

«ይመጣል፣ ኢንሻአላህ» ትላለች እናቴ ቀና ሳትል። ከዚያ ሁልጊዜ ያቺኑ ቃል ትጨምራለች፤ እኔም ጆንያዬ ላይ እንዳጎነበስኩ እሰማታለሁ። «ይኼ ጓሮ ሲያልቅ ይመጣል።»

ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። ወንድሜን የያዘው አረሙ ነው። አምስቱ መደብ በአምስት ቀን አለቀና ደስ አለኝ፤ ሦስት ቀን ቀረው ብዬ ጣቴን ቆጠርኩ። ስድስተኛው ላይ ግን እናቴ በቀን ግማሽ መደብ መሥራት ጀመረች። ቀጥሎ አንድ ረድፍ ሆነ። ቀጥሎ የነቀለችውን አረም አፈሩን በጣቷ እያራገፈች፣ ሥሩን እያገላበጠች ስታይ ጀንበር ትጠልቃለች። ቦዩን አንድ ክንድ ያህል ጠርጋ «ይበቃል ለዛሬ» ትላለች። እንዴት እናት ልጇን እያወቀች ታዘገያለች? ደክሟት ይሆን ብዬ መኮትኮቻውን ብለምናት አልሰጠችኝም። ሌሊት ዝናብ ጥሎ ያረምነው መደብ ላይ አዲስ ቡቃያ ባየሁ ጊዜ ተቀምጬ አለቀስኩ።

አንድ ቀን ሐይቅ ከተማ ዘመድ ሞቶ እናቴ ለለቅሶ ሄደች። ለእትዬ አበበች አደራ ሰጥታኝ በጠዋት አውቶቡስ ተሳፈረች፤ እኔም «ሆዴን ቆረጠኝ፣ ቤት ልተኛ» ብዬ እትዬን አታለልኩና መኮትኮቻውን ከተሰቀለበት አወረድኩ። የቀረው ሁለት መደብ ያህልና ቦዩ ነበር። ምሳ አልበላሁም። አረሙን ከነምኑ ነቀልኩ፤ ካሮቱ ጭምር መነቀሉን ያወቅሁት ከተከመረ በኋላ ስለነበር መልሼ ቸከልኩት፣ የተገለበጠም ነበረበት። መዳፌ ውሃ ቋጠረ፣ ፈረጠ፣ እንደገና ቋጠረ። አሥር ሰዓት ሲሆን ከስምንቱ መደብ አንድም የቀረ ነገር አልነበረም። እግሬን ታጠብኩ፣ የዒድ ቀሚሴን ለበስኩ፣ በር ላይ ወጥቼ መንገዱን እያየሁ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት እርግጠኛ የሆንኩበት ጊዜ የለም።

ቀድማ የመጣችው እናቴ ናት። እጇን ይዤ እየጎተትኩ ወደ ጓሮ ወሰድኳት።

«እማ፣ አልቋል። አሁን ሰይድ ይመጣል።»

ከላይኛው መደብ እስከ ታችኛው ድረስ በዓይኗ ሄደችበት። ከዚያ የድንጋዩ ካብ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ማን ጨርሺ አለሽ?» አለች። ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ሦስት ቀን «ብዪ» እና «ተኚ» ከማለት በቀር ቃል አላወጣችልኝም። በአራተኛው ቀን አሱር ሰግዳ መኮትኮቻዋን ያዘችና ከቤቱ ጀርባ፣ ድንጋይ እንጂ ሌላ ነገር በቅሎበት የማያውቀውን ቁራሽ መሬት መቆፈር ጀመረች። ጆንያዬን ይዤ ስከተላት በእጇ መለሰችኝ። ካሮቱን ስላበላሸሁ ነው ብዬ አመንኩ። ከዚያ ወዲያ ጓሮ ይዛኝ ወጥታ አታውቅም።

ሰይድ አልመጣም። መስከረሙ አለፈ፣ ሌላም መስከረም መጣ። አንዱ ጀልባ ተገልብጧል አለ፣ አንዱ ሑዴይዳ አየሁት አለ፣ ሌላው ሁለቱንም ውሸት ነው አለ። ዓመታት ሲቆጠሩ ዘመድ ተሰብስቦ «የሙት ሰደቃ እናውጣለት፣ ነፍሱ ትረፍ» ብሎ መከራት። እናቴ የሰጠችው መልስ ሰውን ግራ ያጋባ ነበር። «የጓሮዬ ሥራ አላለቀም» ነበር ያለችው። ከቤቱ ጀርባ ያለው ድንጋያማ መሬት በየዓመቱ አንድ አንድ መደብ እየጨመረ እስከ አጥሩ ደረሰ።

እኔ አድጌ የአማርኛ መምህርት ሆኜ ኮምቦልቻ ተመደብኩ። አንድ ቀን ስለ አሉታ እያስተማርኩ ሰሌዳው ላይ ምሳሌ እጽፋለሁ፦ ሲነጋ፣ ሳይነጋ፤ ሲመጣ፣ ሳይመጣ። አንዷ ተማሪ ከኋላ «ሲያልቅ» አለችኝ። ጻፍኩት። ከጎኑ «ሳያልቅ» ብዬ ጻፍኩና ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ። ተማሪዎቹ ያመመኝ መስሏቸው ውሃ አመጡልኝ።

ቅዳሜ ደሴ ወጣሁ። እናቴ ያኔ አርጅታለች፤ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ የጎመን ዘር ታራግፍ ነበር።

«እማ፣ ያኔ ለእትዬ አበበች ምን ነበር የምትያቸው? ጓሮው ሲያልቅ ይመጣል ነው፣ ሳያልቅ ይመጣል?»

እጇ ላይ የነበረውን ዘር አስቀመጠች።

«ሳያልቅ» አለች። «ከጌታዬ ከረቢ ጋር በልቤ የያዝኩት ቀጠሮ ነበር። እስካላለቀ ድረስ መምጫ ጊዜ አለው ብዬ ነበር። አንቺ ስትጨርሺው ቂም ያዝኩብሽ፣ በዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ። አፉ በይኝ፣ ዘሃራ።»

«አፉ ብያለሁ፣ እማ» አልኳት። ከዚያ ጠበቅሁ። አንዲት ነገር እንድትጨምርልኝ ነበር የምጠብቀው፤ «አንቺ ስለጨረስሽው አይደለም የቀረው» እንድትለኝ። ሰው ሁሉ ሊለኝ ይችላል፣ ራሴም ለራሴ ሺህ ጊዜ ብያታለሁ፤ ከእሷ አፍ ነበር የፈለግኋት። እናቴ ግን የማታምንበትን ነገር ተናግራ አታውቅም። «ሻይ ልቅዳልሽ» ብላ ተነሳች።

እናቴ የሞተች ጊዜ ቀብሩ ከተፈጸመ በኋላ አጎቴ ሽማግሌዎቹን ይዞ ወደ እኔ መጣ። ለእሷ ሰደቃ ሲወጣ የሰይድም አብሮ ይውጣ፣ የምትከለክለው እሷ ነበረች፣ አሁን አልፋለች፣ አንቺ ደግሞ የተማርሽ ነሽ አለኝ። ሁሉም እኔን ያዩ ነበር። ነገሩን ለመጨረስ የሚቀረው የእኔ አንዲት ቃል ብቻ ነበር። መዳፌ ሲቃጠል ተሰማኝ።

«የእሱ ይቆይ» አልኩ።

አጎቴ እስካሁን አኩርፎኛል። ቤቱ ተሸጠ፤ ስምንቱም መደብ፣ የእናቴ ድንጋያማ መሬትም፣ የኮክ ዛፉም ተጠርገው አራት ፎቅ ቆሞባቸዋል። ሰይድ በሕይወት ካለ ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ቢመጣ እንኳ በሩን አያገኘውም። በየዓመቱ ዘመዶቼ ነገሩን ያነሱብኛል፣ እኔም ያንኑ እመልሳለሁ። ልጅ አልወለድኩም። እኔ ስሞት «የእሱ ይቆይ» የሚል ሰው ስለማይኖር የሁለታችንንም ሰደቃ በአንድ ቀን ያወጡታል።