በልጄ ስም የተማረው ልጅ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩትም። ሦስት የነፍስ አባት ቀብሬያለሁ፤ ለሦስቱም ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የገደፍኩትን ጾም ዘርዝሬ ይችን ብቻ በሆዴ ይዤ ተመልሻለሁ። ዛሬ እናንተ ስሙኝ።

አዳማ ያኔ ከባቡር ጣቢያው ብዙም የማታልፍ ትንሽ ከተማ ነበረች። ተማሪ ቤት ተከፍቶ የሚመዘገብ ልጅ ቢጠፋ፣ ሹሙ ከየቤቱ አንድ ልጅ ይሰጥ ብሎ አሳወጀ። እኔ መምህሩን አላመንኩትም። ረቡዕ ምን እንደሚበላ ማን አየ? ልጆቹን ካቶሊክ አድርጎ በባቡር ወደ ጅቡቲ ቢጭናቸውስ? ጎረቤቱ ሁሉ የራሱን ልጅ ደብቆ የሠራተኛውን ይሰጥ ነበር። እኔም በልጄ በተሰማ ስም የላክሁት፣ እህል የምትፈጭልኝን የጫልቱን ልጅ ገመቹን ነው።

ጫልቱ ሳቀች። «ኧረ እሜቴ! ጅቡ የእርስዎን እንዳይበላ የኔ ይቅደም?» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። እግዜር ይየኝ፣ ሳቅሁ።

ገመቹ ከተማሪ ቤት ሲመለስ አጠገቤ አስቀምጬ የዕለቱን አስነብበው ነበር። ለፍቅር አይምሰላችሁ፤ ኑፋቄ ይኖርበት እንደሆን ልሰልል ነው። ስሰልል ስሰልል ፊደል ለየሁ።

በሦስተኛው ዓመት መምህሩ ቤቴ ድረስ መጣ። ተሰማን እንደ ልማዴ ጓዳ ከተትሁት። «ልጅዎ ከሁሉም በልጧል፤ አዲስ አበባ ትልቁ ተማሪ ቤት ይገባል፤ ይዘውት ይሂዱ» አለና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጠኝ። ስሙ የልጄ ነው። የገመቹን ፊት ደግሞ አዲስ አበባ ማን ያውቀዋል?

ሰረቅሁ። ሌላ ስም የለውም፤ ሰረቅሁ። ወረቀቱን ይዤ የራሴን ልጅ በባቡር ወሰድሁ። መምህሩ ገመቹን መንገድ ላይ እንዳያየው ብዬም፣ አስቀድሜ ከነእናቱ አቦምሳ ወደ ወንድሜ እርሻ ሰደድሁት። ለጫልቱ «ተማሪ ቤቱ ሊዘጋ ነው» አልኳት። ገመቹ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ያወቀ ይመስለኛል። እስከ ዛሬም ሰው ትኩር ብሎ ሲያየኝ፣ ማን ነገረው? እላለሁ።

ተሰማ በወረቀቱ አንደኛ፣ በክፍሉ መጨረሻ ሆነ። ከተማው ግን መሄዱን እንጂ ይህን አልሰማም፤ የደበቀውን ልጅ እያወጣ ያስመዘግብ ጀመር። «ልጅሽ በር ከፈተልን» ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ! እንዴት አፌ እሺ አለ?

በዓመቱ ጫልቱ ለገበያ መጥታ ደጄ ቆመች። «እሜቴ፣ ተማሪ ቤቱ በልጅ ሞልቶ አየሁ። ተከፈተ እንዴ? የኔን ላምጣው?»

የሰረቅሁትን ልመልስላት እችል ነበር። ጊዜው ገና አላለፈም ነበር።

«የተመዘገበ ብቻ ነው የሚቀበሉት» አልኳት። መርቃኝ ሄደች።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። እናት ስለሆንኩ ነው እንዳልል፣ ጫልቱም እናት ነበረች።