በእረፍት ቀኔ የጓደኛዬን ሂተ ወለወልኩ

ዛሬ በእረፍት ቀኔ መሬት ስወለውል ዋልኩ። ያውም በእንግድነት ሄጄ!

ሰናይት አስር ዓመት አብራኝ ቢሮ ያጸዳች ጓደኛዬ ናት። ዘንድሮ ከባሏ ጋር ተራራ ላይ ሂተ ገዙ። ሂተ እዚህ ኖርዌይ የእረፍት ጎጆ ማለት ነው፤ የእሷ ግን ሳውና ያለው ቪላ ነው።

የመኪና ማቆሚያው ሳይቀር ከስሩ ስለሚሞቅ በረዶ እላዩ ላይ አያድርም። እኔ የምኖርበት አመሩድ ሰፈር ያለው መታጠቢያ ቤቴ እንኳ እንደዚያ አይሞቅም።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አልኳት። ውስጤ ግን በቅናት እርር ብሎ ነበር።

ሁለት ቀን ተዝናንተን ዛሬ ልንመለስ ስንል መወልወያ አቀበለችኝ። «የሂተ ወግ ነው፣ እንግዳም አጽድቶ ነው የሚሄደው» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ ኖርዌጂያኖቹም እንዲሁ ያደርጋሉ። ግን መወልወያ ከሷ እጅ መቀበል?

በንዴት ጥግ ጥጉን ስፈትግ የሆነ ዜማ ሰማሁ። ሰናይት ናት፤ ተንበርክካ ሽንት ቤቱን እያጠበች ታንጎራጉራለች።

አስር ዓመት የሰው ሽንት ቤት አብረን ስናጥብ አንድም ቀን አንጎራጉራ አታውቅም።

ከሳውናው ይልቅ የቀናሁት በዚያች ዜማ ነው።

እናንተስ በጓደኛችሁ ምን ቀንታችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ እስቲ፣ ብቻዬን አልቅና።