ጋሽ መኮንን ቤዝመንት የላቸውም

ዛሬ ጠዋት... እዚህ አሜሪካ፣ አውሮራ፣ የከተማው የሕንፃ ፈቃድ ቢሮ ባንኮኒ ፊት ቆሜ፣ የሚያውቀኝ አንድም ሰው እንደሌለ ተነገረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በራሴ ስም ሥራ የምይዝበትን የኮንትራክተር ላይሰንስ ለማውጣት ደፋ ቀና ስል ከርሜያለሁ። ፈተናውን አልፌያለሁ። የቀረኝ ሥራዬን አይተው የሚመሰክሩልኝ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ለዓመታት በሥሩ የሠራሁት አሜሪካዊ ኮንትራክተር ጡረታ ወጥቶ አሪዞና ገብቷል፤ ስልክ ማንሳትም ትቷል። ስለዚህ ቤታቸውን የሠራሁላቸውን ያገሬን ሰዎች ስም ሰጠሁ።

ስሰጥ ደግሞ ደረቴን ነፍቼ ነው። ጋሽ መኮንን አሉ፤ እዚሁ አውሮራ ቤዝመንታቸውን፣ ከቤታቸው ሥር ያለውን ምድር ቤት፣ የሠራሁላቸው፣ ፋሲካን ሁላችንም እዚያው ስንበላ ስንጠጣ የዋልንበት። ሊትልተን ያለው ጓደኛዬ ዳዊት አለ፤ የጓሮውን ዴክ፣ የእንጨት ሰገነቱን፣ ሠርቼለታለሁ። ሰናይትም አለች፤ ግሌንዴል ያለው ኮንዶዋ ውስጥ ኪችኗን አድሼላታለሁ።

«ሦስቱም ጋ ደውዬ ነበር» አለችኝ ባንኮኒው ላይ ያለችው ሴትዮ። «ዳዊት የተባለው ሰው፣ ሲያትል ገብቷል አለኝ።»

«ማን? ዳዊት?»

«አይ... አንተ።»

ሰናይት ደግሞ «ኖ ኢንግሊሽ» ብላ ዘግታባታለች። ሰናይት ነርስ ናት እኮ! ቀኑን ሙሉ ዶክተሮቹን በእንግሊዝኛ ስትቆጣ የምትውል ሴት!

«አቶ መኮንን ደግሞ...» አለችና ወረቀቷን አየት አደረገች፣ «ቤዝመንት የለኝም አሉ።»

ሳቄ መጣ... ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ኢስት ኮልፋክስ መንገድ ላይ አንድ ባዶ ሱቅ ወደ ምግብ ቤት የመቀየር ሥራ አግኝቻለሁ። በራሴ ስም የምይዘው የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ባለቤቱ እስከ ነገ ላይሰንስህን ካላሳየኸኝ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ ብሎኛል።

የሆነው የገባኝ ያኔ ነው። ይደወልላችኋል ብዬ አልነገርኳቸውም። የመንግሥት ሰው ድንገት ደውሎ «እገሌን ታውቀዋለህ? ምን ሠራልህ?» ሲል ደግሞ የእኛ ሰው መልስ ይታወቃል... ዓይኔን ግንባር ያርገው! ሦስቱም እኔን ማዳናቸው ነው።

«እስኪ አንቺው ፊት ልደውል» አልኳትና ስልኬን ስፒከር ላይ አደረግኩት።

«ሃሎ፣ ጋሽ መኮንን፣ እኔ ነኝ።»

ቶሎ ወደ ጉዳዩ ገባሁ።

«ስለ ቤዝመንቱ ነበር የደወልኩት...»

«የምን ቤዝመንት?» ብለው በእንግሊዝኛ ጮኹ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና በአማርኛ፣ «ልጄ፣ አጠገብህ ናቸው እንዴ? ከሆኑ አንዴ ሳል።»

ሳቄን እውጣለሁ ስል ትን አለኝ። ሳልኩ... ያውም ደጋግሜ።

«በቃ፣ በቃ፣ ገብቶኛል። የት ነው ያደረጉህ?»

«ኧረ ጋሽ መኮንን፣ ከተማው ቢሮ ነኝ፣ የሕንፃ ፈቃድ...»

«አይዞህ፣ መጣሁ!» ጠረቀሙት።

«ምን አሉ?» አለችኝ ሴትዮዋ።

«እየመጡ ነው» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

መልሼ መላልሼ ብደውል አያነሱም። ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ በር በሩን ሳይ ቆየሁና... ከች አሉ። ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ። ደውለው ጠርተዋቸው ኖሮ፣ ከኋላቸው ሰናይት የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች፣ ከእሷ ኋላ ዳዊት። ጋሽ መኮንን እኔን አልፈውኝ ቀጥ ብለው ባንኮኒው ጋ ሄዱ። አንድ ትልቅ ፖስታ አስቀመጡ።

«የቤቴ ወረቀት ነው» አሏት። «እኔ ዋስ ነኝ። ይሄን ያዙና ልጁን ልቀቁልኝ።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሳቁ ጠፋብኝ። እኚህ ሰው ያንን ቤት የገዙት ኤርፖርት ታክሲ ሲነዱ ኖረው ነው። ለእኔ ሊያስይዙት መጡ። ምን አጥፍቶ ነው ብለው እንኳ አልጠየቁም።

«ጋሽ መኮንን፣ ማንም አላሰረኝም። ላይሰንስ ሊሰጡኝ ነው። ሥራዬ እንዴት እንደነበር ብቻ ይንገሯት።»

እኔን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ፖስታውን ቀስ ብለው ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ።

«ስለዚህ ቤዝመንት አለዎት?» አለቻቸው።

«አለኝ።»

«ጠዋት የለኝም ብለውኝ ነበር።»

«ጠዋት ለምን እንደምትፈልጊው መች ነገርሽኝ?»

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁት... እየሳቀች ነው። ኮምፒውተሯ ላይ አድራሻቸውን አስገብታ ብትፈልግ፣ ቤዝመንቱ በድሮው አለቃዬ ፈቃድ ተሠርቶ፣ የከተማውን ኢንስፔክሽን፣ ምርመራውን፣ አልፎ ተመዝግቧል። ከዚያ በኋላማ ጋሽ መኮንንን ማን ያስቁማቸው! ደረጃው፣ መብራቱ፣ ዝናብ ሲጥል ጠብታ የማያስገባው መስኮት... ሰናይትም ስለ ኪችኗ በጠራ እንግሊዝኛ አብራራች። ዳዊት ብቻ ሴትዮዋን ቀና ብሎ ማየት አፍሮ፣ «ከሲያትል መመለሱን አልሰማሁም ነበር» አለ።

ሦስቱም ፈረሙ።

«ጥሩ» አለችኝ ሴትዮዋ። «የመጨረሻ ነገር፤ ኢንሹራንስ እንዳለህ አሳየኝ።»

የኩባንያውን ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት፤ ላይሰንሴንም ተቀበልኩ... ዋናው ኢንሹራንሴ ግን ክራቫታቸውን እያላሉ በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር።