ሳላየው የፈረድኩበት ፊልም

ይህን ለባሌ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም፤ ለንስሐ በቀረብኩ ቁጥር ሌላ ሌላውን እናዘዝና ይቺን ዘልያት አልፋለሁ። ዛሬ ለእናንተ ለማላውቃችሁ የምናገረው ድፍረት አግኝቼ አይደለም። ዝም የምልበት አቅም ስላለቀብኝ ነው።

ጥፋቴን ለመናገር ብዙ ቃል አያስፈልግም። ያላየሁትን ፊልም አይቼዋለሁ አልኩ። ትስቁ ይሆናል። ይሄም ኃጢአት ሆኖ ነው? ትሉ ይሆናል። እኔም ራሴን እንዲህ እያልኩ ሳባብል ነው የኖርኩት።

የሺ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው፤ መቀሌ የመጣሁት የመቀሌ ሰው አግብቼ ነው። ባሌ ቢሮ ሲውል እኔ ከእህቱ ከለተብርሃን ጋር ዓዲ ሓቂ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ አጠገብ ፊልም የሚያከራይ ቤት ከፈትን። ያኔ ሰው ሁሉ ፊልም የሚያየው በዲስክ ነበር። ተማሪዎቹ ዓርብ ከሰዓት ይመጡና ለቅዳሜና እሑድ የሚሆናቸውን ተከራይተው ይሄዳሉ። ሱቃችን ስም ነበረው። እኛ ያመጣነውን ሌሎቹም ያመጣሉ፤ እኛ የመለስነውን ማንም አይነካውም።

ከለተብርሃን ጋር የምንጨቃጨቀው በአንድ ነገር ብቻ ነበር። እኔ ከዱባይ ዲስክ በካርቶን የሚያስመጣልኝ ነጋዴ ነበረኝ፤ የህንድ ፊልም፣ የድብድብ ፊልም፣ ያልመጣ ዓይነት የለም። እሷ ደግሞ የአገር ውስጥ ፊልም እንግዛ ትላለች።

"የሺዬ፣ ሰው የገዛ መንደሩን በቴሌቪዥን ሲያይ እኮ ሌላ ነው" ትለኛለች።

"ሰው መንደሩን በየቀኑ ያየዋል፤ ለማየት አይከፍልም" እላታለሁ።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ምርጫው ግድ ሆነብን። ነጋዴው ትልቅ ጭነት ሊያስመጣ ነበርና ድርሻችንን አስቀድመን እንድንከፍል ጠየቀ። በዚያው ሰሞን መምህር ኪሮስ የሚባል ሰው መጣ። በሳምንቱ ቀናት ያስተምራል፣ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ይቀርጻል። በዚያችው የሰርግ ካሜራው፣ ጎረቤቶቹን ይዞ፣ ዓይናለም የውኃ ጉድጓዶቹ አካባቢ በትግርኛ አንድ ፊልም ሠርቷል። እኛ ብዙ ቅጂ አስቀድመን ከገዛነው ያባዛዋል፤ ካልገዛነው ማባዣ የለውም። ገንዘባችን ለሁለቱ አይበቃም ነበር።

ለተብርሃን ያኔ አራስ ናት። ልጠይቃት ስሄድ ዲስኩን ሰጠችኝ። "አንቺ እይው። አንቺ ያልሽው ይሆናል፣ ሓፍተይ" አለችኝ። እህቴ ማለቷ ነው። ከራሷ አስበልጣ ታምነኝ ነበር።

ያልነገርኳት ነገር ግን ነበር። ለነጋዴው ቃሌን ሰጥቼ ጨርሻለሁ። ከዚያ የባሰም ነበር። መቀሌ ስኖር ዓመታት አልፈውኝ ትግርኛው ገና ሙሉ በሙሉ አልገባኝም። ሰላምታውንና የገበያውን አውቃለሁ፤ ሰዎች በፍጥነት ሲያወሩ ግን ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ እንጂ ምን እንዳሉ አላውቅም። ይህን ለማንም አላምንም ነበር። ምን ያሳፍራል? ለተብርሃንን "ነይ አብረን እንየው፣ እየተረጎምሽልኝ" ብላት ምን ይጎድልብኝ ነበር? ምንም። ግን አላልኳትም።

ዲስኩን ሱቅ ውስጥ ከፈትኩት። ምስሉ ላይ ቀኑ ብራ ነበር። አንዲት ልጅ ጀሪካን አዝላ በአቧራ መንገድ ላይ ትሄዳለች። ከኋላዋ ነው የምትታየው፤ ጠጉሯን አልባሶ ተሠርታለች። ዝም ብላ ትሄዳለች። ትሄዳለች። ከሆነ ቦታ የሴት ድምፅ ጠራትና አንድ ነገር አላት። ምን እንዳላት አልገባኝም። ልጅቷ ቆመች። ፊቷን ልታዞር ስትል አጠፋሁት።

ያየሁት ይህን ብቻ ነው። ፊቷን እንኳ አላየሁም።

በማግስቱ ለተብርሃን ዘንድ ሄጄ ዓይኔን በጨው አጥቤ "እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ" አልኳት። ምስሉ ጨለማ ነው፣ ድምፁ አይሰማም፣ የተከራየው ሁሉ ይመልስብናል አልኳት። አንገቷን ደፋችና "ያሳዝናል። እንግዲህ አንቺ ካየሽው..." አለች። በዚያው ቀረ።

ለመምህር ኪሮስ ግን ምስሉ ጨለማ ነው ማለት አልቻልኩም። ካሜራውን ያውቃል፤ "የቱ ጋ?" ቢለኝ መልስ የለኝም። ስለዚህ ሰበቡን ከሱ ላይ አንስቼ ሌላ ሰው ላይ ጣልኩት። "ፊልሙ መልካም ነው፤ ያበላሸችብህ ልጅቷ ናት። አትችልም" አልኩት። ለምን እሷን? ስላልነበረች። አጠገቤ የሌለ ሰው አይከራከረኝም ብዬ ነው። ክፋቴን ስመረምረው ከዚህ ሌላ ምክንያት አላገኘሁበትም።

ዲስኩን ተቀብሎኝ ሄደ። ሌሎቹ ፊልም ቤቶች "እነ የሺ ምን አሉ?" ብለው ጠይቀው መለሱት። የዱባዩ ጭነት መጣና ሰው ተሻማበት። ያ ክረምት ሱቃችን ሰው አጥቶ አያውቅም። ለተብርሃንም "ጎበዝ ነሽ" አለችኝ። እንዲህ ነው የተቀጣሁት።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ከሰዓት ረዘም ያለች ልጅ ወደ ሱቁ ገባች። ዲስክ አላነሳችም። ቀጥ ብላ እኔ ፊት ቆመች።

"እትዬ የሺ፣ ፍረወይኒ እባላለሁ። መምህር ኪሮስ ፊልም ላይ የሠራሁት እኔ ነኝ።"

"ቁጭ በይ" አልኳት።

"ልጣላ አይደለም የመጣሁት። ልማር ብዬ ነው። የቱ ጋ ነው ያበላሸሁት?"

እዚያ ጋ እውነቱን ብናገርስ? ሱቁ ባዶ ነበር። ከሷና ከኔ በቀር ሰሚ አልነበረም። እኔ ግን "የምታለቅሽበት ላይ" አልኳት። "ልቅሶሽ የእውነት አይመስልም።"

"ፊልሙ ውስጥ እኮ አላለቅስም" አለች።

"እንግዲያው... ከሌላ ፊልም ጋር ተምታቶብኝ ይሆናል፤ ስንቱን አያለሁ መሰለሽ" አልኳት።

"ይሆናል። አመሰግናለሁ፣ እትዬ" ብላ ወጣች። በሩ ላይ ጀርባዋን ሳይ፣ ያ ጀርባ ነበር። ያ አልባሶ።

ከዚያን ቀን በኋላ ተይዣለሁ ብዬ ጠበቅኩ። ለመምህሩ ትነግረዋለች፣ እሱ ለለተብርሃን ይነግራታል ብዬ ሰው በገባ ቁጥር እደነግጥ ነበር። ማንም አልመጣም። ልጅቷ መዋለ ሕፃናት ተቀጥራ ማስተማር ጀመረች ሲሉ ሰማሁ። ሌላ ፊልም አልሠራችም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኛለች፤ እኔ ዓይኗን ማየት አልችልም።

ዲስክ የሚከራይ ጠፋና ሱቁን የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ቤት አደረግነው። ጦርነቱ መጣ። በዚያ ሁሉ መሐል ፍረወይኒ በኩላሊት በሽታ ታመመች፤ መድኃኒት ባልነበረበት ጊዜ ታመመችና ሞተች። ቀብሯ ላይ ከሰዎቹ ኋላ ቆሜ ነበር።

ጦርነቱ ቆሞ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ አንድ ጠዋት እናቷ አደይ ጽርሃ ወደ ሱቁ መጡ። በዓመታቱ ትግርኛዬ ተሻሽሎ የሚናገሩትን ሁሉ እሰማ ነበር፤ ምነው ባልሰማ።

"ጓለይ የሠራችው ፊልም አንቺ ጋ አለ ይሆን?" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። "መምህር ኪሮስን በስልክ ብጠይቀው ፊልሙ የነበረባቸው ካሴቶች ላይ ሰርግ ቀረጽኩባቸው አለኝ። እሷ ጋ የነበረችው ዲስክ ቤታችን ሲዘረፍ አብራ ሄደች።"

"እኛ ጋ የለም፣ አደይ። እርስዎስ ያኔ አላዩትም?"

"የት አሳየችኝ! 'አላማረም እማ፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ' እያለች ሣጥን ውስጥ ቆልፋበት ኖረች። እኔም ካየሁት ታፍራለች ብዬ ተውኳት።"

ውሸቴን የያዘችብኝ መስሎኝ ነበር። ለካስ በገዛ ሥራዋ ላይ ከራሷ ይልቅ እኔን አምናለች። እንዳላለቀሰች እያወቀች፣ ያበላሸሁበት ቦታ ይኖራል ብላ ይዛው ኖራለች። ስንት ጊዜ በልቧ መልሳ መላልሳ ፈልጋው ይሆን? ያልነበረን ስሕተት?

"ለተብርሃን አንቺ ሙሉውን እንዳየሽው ነግራኛለች" አሉ አደይ ጽርሃ። እጄን ያዙኝ። "በቃ፣ ንገሪኝ። ጓለይ እንዴት ነበረች?"

ምን ልበል? አላየሁትም ልበል? ልጃቸውን በምን እንደፈረድኩባት ልናገር? ወንበር አቀረብኩላቸውና ጀመርኩ። ጀሪካን አዝላ በአቧራ መንገድ ስትሄድ አልኩ። እስከዚያ እውነት ነበር። ከዚያ ፊቷን አዞርኳት። ወንድሟ ርቆ እንደሄደ፣ ከጉድጓዱ አጠገብ እንደምትጠብቀው፣ ሰፈሩ ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥ እሷ እንዳልቆረጠች፣ በመጨረሻም ወንድሟ ሲመጣ እንደምትስቅ ፈጥሬ ነገርኳቸው። በትግርኛ የምትናገረውንም ፈጠርኩላት። አደይ ጽርሃ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሰሙኝ።

"አለቀሰች?" አሉኝ።

"አላለቀሰችም፣ አደይ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቅዳሴ መልስ ብቅ ይላሉ። እንደገና እንድነግራቸው ነው የሚመጡት። አንዳንዴ እሳቸው ራሳቸው ይቀድሙኛል፤ እኔ ያላልኩትን ይጨምሩበታል። እኔ እሺ እላለሁ። ቤት ገብቼ ዓይኔን ስጨፍን ግን ያቺ ልጅ ቆማለች፤ ሴትዮዋ ጠርታታለች፤ ልትዞር ነው። ተነስቼ እቀመጣለሁ። ዞራ ብታየኝ ምን እላታለሁ?

የፍረወይኒ ሙት ዓመት ዕለት ድንኳን ውስጥ እንጀራ ስናቀርብ መምህር ኪሮስ ገባ። ዓዲግራት ተዛውሮ ኖሮ፣ ወደ መቀሌ ከተመለሰ ገና ወር አልሞላውም። ጠጉሩ ሸብቷል። አደይ ጽርሃ ሲያዩት ደስ ብሏቸው አጠገባቸው አስቀመጡትና ለተሰበሰበው ሰው ፊልሙን መተረክ ጀመሩ። ወንድሙን። ጥበቃውን። ሳቁን። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ይሰማል። እኔ ትሪ እንደያዝኩ ቆምኩ። ያን ፊልም የጻፈውና የቀረጸው ሰው እዚያ ተቀምጦ፣ ያልሠራውን ፊልም ከሟቿ እናት አፍ እየሰማ ነው።

ጨርሰው ወደሱ ዞሩ። "እንዲህ አይደል፣ መምህር?"

ቀና ብሎ ተመለከተ። የተመለከተው እሳቸውን አይደለም፤ እኔን ነው።

"እወ፣ አደይ" አለ። "ልክ እንዲህ ነበር።"

ሲወጣ ደጅ ላይ አገኘሁት። መሸሽም እችል ነበር፤ አልሸሸሁም።

"በኔ ፊልም ውስጥ ወንድም የሚባል የለም" አለኝ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። "የሺ፣ አላየሽውም ነበር፣ አይደል?"

እነሆ፣ ጥያቄው ራሱ በሩን ከፍቶልኝ ነበር። ከዚህ በላይ ማን ያመቻችልኛል? አዎ ብል፣ ከዓመታት በኋላ እንኳ፣ ለአንድ ሰው እውነት እናገር ነበር።

"አይቼዋለሁ" አልኩት። "ጊዜው ርቆ ረሳሁት እንጂ።"

"እሺ" አለና ሄደ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው አፈር ውስጥ ናት። ትግርኛ አላውቅም ነበር፣ ቃል ሰጥቼ ነበር፣ እናትዮዋን ለማጽናናት ነው ብዬ ልሸፋፍነው እችላለሁ፤ ግን ደጅ ላይ ስጠየቅ የማጽናናው ሰው አልነበረም። ለራሴ ስል ነው የዋሸሁት፤ የመጀመሪያውንም እንደዚያው።

ፍረወይኒ በዚያ ፊልም ውስጥ ማን እንደነበረች እስካሁን አላውቅም። ሴትዮዋ ጠርታ ምን እንዳለቻት አላውቅም። የሚያውቀው መምህር ኪሮስ ነው፤ ልጠይቀው ግን አልችልም፤ አይቼዋለሁ ብያለሁና። የሚኖረው ቃላሚኖ ነው። በባጃጅ ቅርብ ነው። በሩን አንኳኩቼ "አላየሁትም፤ ንገረኝ" ብለው፣ የልጅቷ እውነተኛ ፊልም በቃል እንኳ ለእናቷ ይደርስ ነበር። አደይ ጽርሃም እያረጁ ነው።

እስከ ዛሬ አልሄድኩም።