የረቡዕ እርጎ

ምግብ ቴክኖሎጂ ልማር ነው ስላት፣ ሉማሜ ያለችው እናቴ «ወጥ መሥራቱን እኔ አላስተምርሽም?» አለችኝ። እኔ ግን ቆርጬ ነበር። ደብረ ማርቆስ ለመግቢያ ፈተናው ስንቀርብ፣ መምህሩ በየፊታችን እርጎ አስቀመጡና «ቅመሱና ጉድለቱን ንገሩኝ» አሉ። ቀኑ ረቡዕ፣ ጾም ነው። ማንኪያ ያነሳ የለም።

«ሳይንስ ጾም አያውቅም! ያልቀመሰ አይገባም!» ብለው ተቆጡ።

እናቴ ድቅን አለችብኝ። ወደ ቤት ተመልሼ ምን ልላት ነው? ሲጨንቀኝ፣ «መምህር፣ እኛ አገር ጠላ እንኳ ቢሆን ቀድሞ የሚቀምሰው የቀዳው ሰው ነው። እስቲ እርስዎ ይቅመሱልን» አልኩ።

ማንኪያውን ሞልተው እስከ አፋቸው አደረሱት። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ሳህኑ መለሱት።

«በቃ፣ ነገ ጠዋት ኑ» አሉን።