ዘጠኝ ከአሥር የሰጠሁት ሮቦት

ልጄ ቅድም ወንበር ላይ ወጥታ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ካርቶኑን ስታወርድ መጀመሪያ የደረሰኝ ሽታው ነው። የአሮጌ ፕላስቲክና የተበላሸ የባትሪ ድንጋይ ሽታ፣ ምላስ ላይ የሚኮመጥጥ። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላዬን እንደያዝኩ ቀጥ ብዬ ቀረሁ።

«እማ፣ ይሄ ሮቦት የማን ነው?»

«የማን ነው እኮ!» የኔ ልጅ መልስ ካላገኘች አትለቅም፤ በዚህስ ቁርጥ እኔን ነው የወጣችው። «የኔ ነው» አልኩ። ውሸት አይደለም፤ እውነቱ ግን በዚህ አያልቅም። ቀሪውን እስከ ዛሬ ለባሌም አልነገርኩትም። አንተ ስማኝ እንግዲህ፤ ብቻ እንዳታቋርጠኝ፣ ካቋረጥከኝ አልጨርሰውም።

ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሆሳዕና ክረምት ሲገባ ጫማ የምትበላ ጭቃ ነበረች፤ ቤታችን ከእህል መጋዘኑ ፊት ለፊት ስለነበር የጋሪ ፈረሶች ቀኑን ሙሉ ደጃችንን ያቦኩት ነበር። ታላቅ ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ይሄ በኛ ሰፈር ብርቅ አይደለም፤ እዚያ ልጅ የሌለው ቤት ልፈልግ ብትል ብዙ በር ታንኳኳለህ። ወንድሜ ሎኬሽን በሚሉት የድሆች ሰፈር ውስጥ ከአንድ የአንጋጫ ልጅ ጋር በሽርክና ትንሽ ሱቅ ነበረው። እሁድ እሁድ ከቸርች ስንመለስ ይደውላል። እናቴ በሀዲይኛ እያለቀሰች ታወራዋለች፣ አባቴ ይመክረዋል፣ ስልኩ እኔ ጋ ሲደርስ ካርዱ ያልቃል። ሁሌም እንደዚያ ነበር።

አንድ እሁድ ግን «መጀመሪያ እሷን አገናኙኝ» አለ። እናቴ ቅር እያላት ስልኩን ሰጠችኝ።

«እህቴ፣ ሥራ ይዤልሽ መጥቻለሁ» አለኝ። ለገና በዓል መጫወቻ ሊሸጥ አስቧል። ጅምላ ሻጩ ጋ ወደ መኪና የሚለወጥ ትልቅ ሮቦት አይቷል፤ ግን ሳያውቀው ብዙ አምጥቶ ቢቀርበትስ? «አንዱን ልኬልሻለሁ። ጣይው፣ አርጥቢው፣ ቢሰበርም ግድ የለም። ከዚያ በወረቀት ጽፈሽ ላኪልኝ። ‹ጥሩ ነው› ብቻ ብለሽ እንዳታሾፊብኝ! ነጥብ ስጪ፣ እንደ አስተማሪ።»

እኔ በሕይወቴ «ምን ይመስልሻል?» ያለኝ ሰው አልነበረም። ውሃ ቅጂ፣ ዝም በይ፣ በሩን ዝጊ ነው የማውቀው። ያን ቀን ራቴን በትክክል አልበላሁም።

ሮቦቱ ለሰርግ ከደቡብ አፍሪካ ከመጣ የጃጁራ ሰው ጋር ደረሰ። አረንጓዴና ግራጫ ነው፤ ቁመቱ ወገቤ ድረስ ነበር። ጭንቅላቱን ደረቱ ውስጥ ትቀብራለህ፣ ክንዶቹን ታጥፋለህ፣ እግሮቹን ታጋጥማለህ፣ ገልባጭ መኪና ይሆናል። ሁለት መሣሪያ አለው። አንዱ ሲጫኑት ሰማያዊ የሚበራ ጎራዴ ነው፤ እሱስ የልጅ ነገር ነው። ሌላው ጠመንጃ ነው። ከእጁ ይነቀላል፣ የራሱ ድንጋይ አለው፤ ጥቁር፣ ከበድ ያለ፣ እጅ ውስጥ የሚሞላ። ቃታውን ስትስበው አፈሙዙ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ይልና «ታታታታ!» ብሎ ይንጣጣል። መጀመሪያ ቀን ስስበው እናቴ «በኢየሱስ ስም!» ብላ የያዘችውን ሰፌድ ለቀቀችው።

ከጓደኛዬ ጋር ሳምንት ሙሉ ፈተንነው። ጓደኛዬ የጎረቤታችን የጉራጌው ባለሱቅ ልጅ ነች፤ ዕቃ ማገላበጥ በደሟ ነው። ከአልጋ ላይ ጣልነው፣ አሸዋ ውስጥ ቀበርነው፣ ዝናብ ላይ አሳደርነው። አንድ ጉድለት አገኘንበት። መኪና ስታደርገው የግራ እግሩ አይገጥምም፤ ቀጭ ይልና መልሶ ይላቀቃል። «ሸፋፋ ነው ባክሽ» አለች። ጻፍኩት።

የቀረው ጠመንጃው ነበር። «ሰው ላይ ካልተሞከረ አይታወቅም» ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ አይደለችም፣ እኔ።

የእህል መጋዘኑ ዘበኛ ሽማግሌ ነበር፤ በወጣትነቱ ወታደር ሆኖ ጦር ሜዳ የዋለ። ጠዋት ጠዋት በሩ ሥር ዱካ በምንለው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። እኛ ከእንሰቱ ጀርባ ተደበቅን። የተቀቀለ ድንች እየላጠ ነበር። ወደ ጀርባው ደግኜ ሳብኩት።

ሰውዬው ድንቹን ወርውሮ ጭቃው ላይ በሆዱ ተኛ። በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ሸፈነ። ባርኔጣው ተንከባሎ ጉድጓድ ገባ። ወዛደሮቹ ጆንያ እንደተሸከሙ በሳቅ ፈረሱ፤ እኛማ አትጠይቀኝ፣ ጓደኛዬ ሳቋ አፍኗት ተቀምጣ ቀረች። ቀስ ብሎ ተነሣ። በጥፊ ያጮለኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ባርኔጣውን አንሥቶ በእጅጌው ጠራረገና አጠገቤ መጣ።

«ሳቂ፣ የኔ ልጅ» አለኝ። «ግን ይሄን ስሚኝ። ባዶ መሣሪያ ሰው ላይ አይደገንም። ያኛው ባዶ መሆኑን አያውቅም። እሱ የእውነተኛውን ያወጣል።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል!

ማታውኑ ከደብተሬ መሐል ወረቀት ገንጥዬ፣ በማስመሪያ አስምሬ፣ እንደ ውጤት ካርድ ሠራሁት። መልክ፣ አሥር። ጥንካሬ፣ ዘጠኝ። የግራ እግር፣ ሰባት። ድምፅ ላይ ስደርስ እጄ ፈጠነ። «ድምፅ፣ አሥር ከአሥር። ከእውነተኛው አይለይም። ወታደር የነበረ ሰው መሬት ላይ ተኝቷል። ሌባም ያባርራል።» ከታች «ጠቅላላ፣ ዘጠኝ ከአሥር» ብዬ ፈረምኩበት።

ዘበኛው ያለኝን አልጻፍኩም። ወረቀቱ ሞልቶብኝ ነው እንዳልልህ ግማሹ ባዶ ነው። ብጽፈው ነጥቡ ይወርዳል፣ ነጥቡ ከወረደ ወንድሜ ሮቦቱን ይተወዋል፣ የኔ ፈታኝነትም እዚያው ያበቃል። ይሄንን ሁሉ ያኔ አስቤዋለሁ። ልጅ ነበርኩ፣ ሞኝ ግን አልነበርኩም።

ወረቀቱ በመንገደኛ ሄደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲደውል ገና ከሩቅ ይስቃል። «ዘበኛውን አስተኛሽው? አይ አንቺ! በቃ አለቃዬ ነሽ፣ አንቺ ያልሽው ይሆናል።» አምጥቶም ሸጣቸው፤ ገና ሳይደርስ አለቁ አለን። እኔ ሰፈሩን ሁሉ አፍንጫዬን ነፍቼ ዞርኩት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። በበልጉ መጨረሻ አንድ ሁለት ቀን ሰፈሩ ጠባዩ ተለወጠ። ጓደኛዬ ልትጫወት አልመጣ አለች። እናቷ ያለወትሮዋ ጠርታኝ ፀጉሬን ሠራችልኝ። እኔ ደስ ብሎኝ በመስታወት ሳይ አመሸሁ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ በራችን ተንኳኳ። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው ነበር፤ ከኋላቸው ዘበኛው ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ለምን እንደሚመጣ እኛ ጋ ሕፃን እንኳ ያውቃል። እናቴ አንድም ቃል ሳይናገሩ መሬት ላይ ወደቀች።

ወንድሜ ሱቁ ውስጥ በጥይት ተመትቶ ነው የሞተው። ያኔ ያወቅነው ይህችን ብቻ ነው።

አስከሬኑ ከሸሪኩ ጋር መጣ። ከሌሞ ገጠር ዘመዶቻችን በጋሪም በእግርም ጎረፉ፤ ድንኳኑ ጠበበ። እኛ ጋ የሟች ፎቶና ልብሱ ለቅሶው መሐል እየተያዘ፣ ደግነቱ እየተነሣ ይለቀሳል። አንዷ ፎቶውን ያዘች፣ አንዷ ኮቱን። አክስቴ የሚያዝ ነገር ስትፈልግ ጓዳ ገብታ ሮቦቱን አየች። «ከሩቅ አገር ለእህቱ የላከው!» እያለች አቅፋው ወጣች፣ ደረቷን እየመታችበት። ለመከልከል ተነሣሁ፤ የሰዉ ብዛት አላሳልፍ አለኝ።

ጣቷ ቃታው ላይ አረፈ። «ታታታታ!»

ለቅሶው ተቆረጠ። አንድ ሕፃን ብቻ ከኋላ አለቀሰ። ሸሪኩ ከወንዶቹ መሐል ብድግ ብሎ ጠመንጃውን አየው፤ ከንፈሩ አመድ መሰለ። ወጥቶ ሄደ፣ አባቴም ተከተለው። እኔ ውሃ የማደርስ መስዬ ከድንኳኑ ጀርባ ሄድኩ።

«ይህንን የመሰለ ነው ያወጣው» አለ ሸሪኩ። «ሦስት ሌቦች ገቡ። ገንዘቡን ይዘው ይሄዱ ነበር አባባ፣ ሌላ ጊዜ ይዘው ይሄዳሉ። እሱ ከመደርደሪያው ሥር ለራሱ ያስቀረውን አወጣ። ሁለቱ ሮጡ። አንዱ አልሮጠም።»

አባቴ «መጫወቻ ይዞ?» አለ። «መጫወቻ ይዞ ልጄ?»

«ተው ብዬዋለሁ። ስንት ጊዜ ተው ብዬዋለሁ! ‹እህቴ ፈትሻዋለች› ነበር መልሱ። እየሳቀ።»

የያዝኩት ጣሳ አልወደቀም። በእጄ እንዳለ ውሃው እግሬ ላይ ፈሶ አለቀ፤ እኔ አላወቅኩም።

አባቴ ስለዚያ ነገር ቃል ሳይተነፍስ አረጀ። እኔን ለማዳን ይሁን ራሱን፣ አላውቅም። ከወንድሜ ሻንጣ ውስጥ ልብሱን ስናወጣ ወረቀቴን ያገኘሁት እኔ ነኝ። አራቱም ጥግ ላይ ፕላስተር አለው፤ ግድግዳ ላይ ለጥፎት ነበር ማለት ነው። «ሌባም ያባርራል» የምትለው ሥር በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አስምሮባታል። አባቴ «ምንድን ነው?» አለኝ። «የትምህርት ቤት ወረቀት ነው» አልኩት። አጣጥፌ ሮቦቱ ጀርባ፣ ድንጋዮቹን አውጥቼ እነሱ የሚገቡበት ውስጥ ከተትኩት፤ ክዳኑን ዘጋሁት።

ዘበኛው ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። በደጁ ባለፍኩ ቁጥር ከዱካው ተነሥቶ ነበር ሰላም የሚለኝ፣ እኔን አንድ ፍሬ ልጅ! «ነግሬሽ አልነበረም?» አላለኝም፣ አንድም ቀን። ቢለኝ እንዴት በተሻለኝ። ዛሬ አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪዎቼ ክፉ ይሉኛል አሉ። ዘጠኝ ከአሥር ያገኘ ልጅ አልለቅም፤ የቀረችው አንዷ ምን እንደሆነች ነግሮኝ ካልሆነ ከክፍል አይወጣም።

ታዲያ ቅድም ልጄ ከሪሞቶቹ አራት ድንጋይ ነቅላ መጣች። «እማ፣ የግራ እግሩ አይገጥምም እኮ» አለችኝ፤ ፈተናውን ጀምራለች። ተይው ልላት ስል የጀርባውን ክዳን ከፈተችው። ወረቀቱ ወደቀ። አንደኛ ክፍል ናት፣ ያገኘችውን ሁሉ የምታነብበት ሰሞን ነው፤ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የሳሙና መጠቅለያ አይቀራትም። መሬት ላይ ዘረጋችውና በጣቷ እየተከተለች ጀመረች። «ከ… እውነተኛው… አይለይም…» ልነጥቃት ይገባኝ ነበር። «ሌ… ባ… ም… ያ… ባር… ራል።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ወረቀቱን ከፍ አድርጋ እንደገና አየችው። «ጽሑፍሽ ያምራል እማ» አለች። «አሥር ከአሥር።»

ቢላውን አስቀመጥኩ። ድንጋዮቹን ከእጇ ተቀበልኩና መሬቱ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «አሥር አይሞላም» አልኳት። «አንድ መስመር ዘልያለሁ። እስክሪብቶሽን አምጪ።» እየሮጠች አመጣች። ከታች ባዶው ላይ እኔ እያልኩላት ዘበኛው ያለውን ጻፈች፤ ፊደሏ ገና ይንጋደዳል፣ ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ስትጨርስ «ለማን ነው የምንልከው?» አለችኝ።

እሷን ጥያቄ ነው እስካሁን ያልመለስኩላት።